የአክሱም ገንዘብና የተቀበረበት አፈር

ክረምቱ አልፎ ዝናቡ ሲያባራ በአክሱም ከተማ ዳርቻ በሚገኙት እርሻዎች የሚመላለስ ሰው አንዳንድ ጊዜ ከእግሩ ሥር አረንጓዴ ዝገት የያዘች፥ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ክብ ነሐስ ያገኛል። ጎርፍ አፈሩን አጥቦ፥ ወይም ማረሻ ገልብጦ ያወጣት የጥንት ገንዘብ ናት። ልጆችም ይለቅሟትና ለመንገደኛ ይሸጧታል። እኛም ተማሪ በነበርንበት ዘመን አክሱምን ለማየት ሄደን ሳለ አንዲቱን ከአንድ እረኛ ልጅ በጥቂት ብር ገዝተን በክብሪት ቀፎ ውስጥ ይዘናት ተመለስን። ያን ጊዜ ታሪክን ያከበርን መስሎን ነበር። ታሪክን የጎዳን መሆናችንን የተረዳነው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ይህችንም አጭር ሐተታ ለመጻፍ ያነሣሣን ይኸው ነገር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ገንዘቡ ጥቂት እንናገር፤ ዘመኑንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን። በ1ኛው መቶ ዓመት አንድ በግሪክ ቋንቋ የጻፈ ነጋዴ ስለ ኤርትራ ባሕር ንግድ ባዘጋጀው መጽሐፍ፥ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል በዚያ ለሚኖሩት የውጭ አገር ሰዎች የሚሆን ጥቂት የሮማ ገንዘብ እንደ ነበረ ያወሳል። አክሱም በስሟ ገንዘብ ማሠራት የጀመረችው ከዚህ በኋላ በ270 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፥ ሥራውንም የጀመረው ንጉሥ እንዱቢስ ነው። እርሱ ወርቅና ብር አሠራ፤ ተከታዩ አፊላስ ደግሞ ነሐሱን ጨመረ። ከሰሐራ በረሓ በስተደቡብ ባለው የአፍሪካ ክፍል በዚያን ዘመን የራሱን ገንዘብ የሠራ ሌላ መንግሥት አልነበረም።

የንጉሡ ምስል በወርቁ ላይ በሁለት የእህል ዛላ መካከል ተቀርጾ ይታያል። ከራሱ በላይ በመጀመሪያ ጨረቃና ክብ ምልክት ይደረግ ነበር፤ ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዓመት ክርስትናን ከተቀበለ ወዲህ ግን በዚያ ቦታ መስቀል ተተካ። ለውጭ ንግድ በሚውለው ወርቅ ላይ ጽሑፉ በግሪክ ቋንቋ ነበር፤ በወርቅ ላይ ግእዝ ያጻፈው ንጉሥ ዋዜባ ብቻ ነው። ሕዝቡ በገበያ የሚለዋወጥበት ነሐስም አልተናቀም፤ ሠራተኞቹ በአንዳንዱ ላይ በመስቀሉ ዙሪያ ወርቅ ይለብጡበት፥ «ይህ ሀገርን ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጉም ያለውንም ቃል ይቀርጹበት ነበር። ንጉሥ ለሕዝቡ እንዲህ ያለውን ምኞት በገንዘብ ላይ መጻፉ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው።

ይህ ሥራ እስከ 7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ቆየ። በዚህም ጊዜ ውስጥ ከ20 የሚያንሱ ያልሆኑ ነገሥታት ስማቸውን በገንዘብ አኑረዋል። ከእነርሱም መካከል እንደ እንዱቢስ ያሉት ከገንዘባቸው በቀር ሌላ ምስክር የላቸውም። ስለዚህ አንዲት ዝገት የበላት ክብ ነሐስ የአንድ ሙሉ ዘመነ መንግሥት ብቸኛ ማስረጃ ልትሆን ትችላለች ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ገንዘብ ከመሬት ውስጥ እንዴት ገባ? ከፊሉ ከገበያተኛ እጅ የወደቀ ነው። ከፊሉ ግን ሆን ተብሎ የተቀበረ ነው። በወንጌል ምሳሌ መክሊቱን በመሬት የቀበረው ባሪያ ጌታው ሲመጣ ቆፍሮ አወጣው፤ ብዙዎች ሌሎች ግን ጦር ወይም ቸነፈር ቀድሟቸው ወደ ቀበሩት ሳይመለሱ ቀሩ። በ1977 ዓ.ም. በየመን አል መድሃሪባ በተባለ ስፍራ 1194 የወርቅ ገንዘብ ባንድነት ተገኝቷል፤ ከዚህ ውስጥ ከ300 በላይ የሚሆነው የአክሱም ነው። ንጉሥ ካሌብ በ6ኛው መቶ ዓመት ባሕር ተሻግሮ መዝመቱን የሚያውቅ ሰው ይህ ወርቅ በዚያ ምድር መገኘቱ ምን ያህል የሚናገር እንደ ሆነ ያስተውላል። የሚናገረውም ወርቅነቱ ሳይሆን የተገኘበት ቦታ ነው።

ቦታው ሲጠፋ የሚደርሰውን ጉዳት ደግሞ ከደብረ ዳሞ እንማራለን። በ1940 ዓ.ም. በዚያ ተራራ ከ100 የሚበልጥ የሕንድ ኩሻን ነገሥታት የወርቅ ገንዘብ ተገኘ። አገራችን ከሕንድ ጋር የነበራትን የጥንት ግንኙነት የሚመሰክር እንዲህ ያለ ነገር በቀላሉ አይገኝም። ነገር ግን ገንዘቡ ተበታተነ፤ ዛሬ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ሊመረመር አይችልም።

በዘመናችን ደግሞ ከጎርፍና ከማረሻ ይልቅ የሚፈጥን ፈላጊ ተነሥቷል፤ እርሱም ብረት የሚያሳስብ መሣሪያ ነው። ግራሃም ቤል በ1881 ዓ.ም. በአሜሪካው ፕሬዚደንት በጋርፊልድ ሰውነት ውስጥ የገባውን ጥይት ለመፈለግ በዚህ ዓይነት ብልሃት ሞክሮ ነበር። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መሣሪያው ፈንጂ መፈለጊያ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሰዎች በዕረፍት ቀናቸው በመናፈሻና በእርሻ ላይ እየዞሩ የቆየ ገንዘብ የሚሹበት መዝናኛ ሆኗል። መሣሪያው ጆሮ ላይ ይጮኻል እንጂ የሚጮኸው ለንጉሥ ወርቅ ይሁን ለጠርሙስ ክዳን ራሱ አያውቅም። የሚያውቀው ሰው ነው፤ ኃላፊነቱም የሰው ነው።

በ1992 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሆክስን በተባለ መንደር አንድ ሰው የጠፋ መዶሻ ለመፈለግ በዚህ መሣሪያ ሲዞር የሮማ ወርቅና ብር አገኘ። ጥቂት እንደ ቆፈረ አቁሞ ለሚመለከታቸው አስታወቀ። ሊቃውንቱ መጥተው አፈሩን በጥንቃቄ ስላነሡ 15,000 ያህል ገንዘብ ከመገኘቱ በላይ፥ ሣጥኑ ከምን እንጨት እንደ ተሠራ፥ ዕቃውም በውስጡ እንዴት እንደ ተደረደረ ታወቀ። ያ ሰው ያደረገው ትልቅ ነገር ማግኘቱ ሳይሆን መቆፈሩን ማቆሙ ነው።

የአገራችንም ሕግ በዚህ ነገር ዝም አላለም። በእኛ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209፥ በማናቸውም ሥራ ላይ ሳለ ቅርስ ያገኘ ሰው ሳይነካካ ጠብቆ ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅ ያዛል። «ከእርሻ ላይ የቀረውን ማረሻ ይሰብረው የለምን? ለእረኛውስ ያቺ ጥቂት ብር እራቱ አይደለችምን?» የሚል ይኖራል። ነገሩ እውነት ነው፤ በእረኛውም አንፈርድም። የምንፈርደው ገዝተን በወሰድነው በእኛ ላይ ነው፤ ገዢ ባይኖር ሻጭ አይኖርምና። መምህራንም በዚህ ረገድ ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ አለ፤ ተማሪ የቆየ ገንዘብ ይዞ ሲመጣ «ዋጋው ስንት ነው?» ከማለት አስቀድመው «ከወዴት አገኘኸው?» ብለው ቢጠይቁና መልሱን ቢጽፉ ብዙ ታሪክ ይድናል።

ያቺን ነሐስ በመጨረሻ ወስደን ለአንድ ሙዚየም አስረከብናት። የተቀበለን ሰው ስፋቷን ለካ፥ ክብደቷን መዘነ፥ መስቀሉንም በመነጽር አይቶ በመዝገብ ጻፈ። ቀጥሎም «የተገኘችበት ቦታ?» ሲል ጠየቀን። እረኛው ልጅ ያን ዕለት በእጁ ወደ አንድ እርሻ ሲያመለክት ትዝ ይለናል፤ የትኛው እርሻ እንደ ሆነ ግን ዞር ብለን አላየንም ነበር። ሰውዬውም ጥቂት ጠብቆን ስፍራውን ባዶ አድርጎ መዝገቡን ዘጋ።