ቪዥላ

ቪዥላ ከሀንጋሪ የመጣ የአደን ውሻ ዝርያ ሲሆን ከጠቋሚ ውሾች ወገን ነው። እንደ ቆቅ ያለ ወፍ ሲሸተው አያሳድድም፤ አፍንጫውን ወደ ሽታው አቅንቶ፣ ብዙ ጊዜም አንድ የፊት እግሩን አንስቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አዳኙ ወፏ የት እንዳደፈጠች በዚህ ያውቃል። ተኩሶ ሲጥላትም ውሻው በአፉ ይዞ ያመጣለታል።

መልክ

ፀጉሩ አጭር፣ ቀለሙ ወርቃማ ቀይ ነው። የወንዱ ቁመት ከ58 እስከ 64፣ የሴቷ ከ54 እስከ 60 ሳንቲሜትር ይደርሳል።

ታሪክ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዝርያው ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ስደተኞች ይዘዋቸው በወጡትና በአገር ቤት በቀሩት ጥቂት ውሾች ተረፈ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1960 እንደ ዝርያ ታወቀ።

አያያዝ

ከላይኛው ፀጉሩ ሥር የሚያሞቅ ሌላ ፀጉር ስለሌለው በብርድ ውጭ ማሳደር አይገባም። ከጌታው ሳይርቅ ቀኑን ሙሉ እንዲሮጥ የተራባ በመሆኑ በየቀኑ በደንብ መሮጥ አለበት። ለረጅም ሰዓት ብቻውን ከተተወ ይጨነቃል፤ ጫማና የቤት ዕቃ ያኝካል። ይህ የክፋት ሳይሆን የሥራና የጓደኛ ማጣት ምልክት ነው። ቶሎ ይማራል፤ ቁጣ ግን ያስደነግጠዋል። ስለዚህ ቤቱን ዘግቶ ለሚውል ሰው አይስማማም።