የንጉሡ ክንድና የመርፌው ጫፍ

በ16ኛው መቶ ዘመን የፈረንሳይ ንጉሥ የነበረው ሻርል 9ኛ (1560–1574 እ.ኤ.አ.) ትኩሳት ያዘውና በዘመኑ ልማድ መሠረት ክንዱ ተበጥቶ ደም እንዲፈስለት ተደረገ። በጪው በሙያው የተመሰገነ ሐኪም ነበር፤ ሆኖም ስለቱ ደም ሥሩን በመክፈት ፈንታ ነርቭ ወጋ። ንጉሡ በሕመም ጮኸ። ታዋቂው ቀዶ ጠጋኝ አምብሯዝ ፓሬ ማሰሪያው ፈጥኖ እንዲላላ አሳሰበ። ንጉሡ ከሦስት ወር በላይ ክንዱን ማጠፍም መዘርጋትም ተስኖት ከቆየ በኋላ ዳነ። ታሪኩን በጽሑፍ ያቆየልን ራሱ ፓሬ ነው።

የዋግምትንና የብጣትን ልማድ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም። የአውሮፓ በጪዎች በክርን እጥፋት ላይ የሚገኘውን፣ ዋናውን ደም ቅዳና ሚዲያን ነርቭን የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን «በእግዚአብሔር ቸርነት» ብለው ሰይመውት ነበር፤ ከስለታቸው የሚከልለው እርሱ ነበርና። ከቆዳ ሥር ከደም መልሶች ጋር ተጠላልፈው የሚያልፉት ቀጫጭን ነርቮች ግን ይህ መከለያ የላቸውም፤ አቀማመጣቸውም ከሰው ሰው ይለያያል።

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ዊር ሚቸል የተባለው ሐኪም ነርቫቸው የቆሰለ ወታደሮችን መርምሮ ከባልደረቦቹ ጋር በ1864 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳተመ። ቁስሉ ከዳነ በኋላም የሚዘልቀውን የሚያቃጥል ሕመም «ኮዛልጂያ» ብሎ የሰየመው እርሱ ነው። በዚህም የሕሙማኑ አቤቱታ የነርቭ ጉዳት ምልክት መሆኑ ታወቀ።

በ1996 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት በ419,000 ያህል የደም ልገሳዎች ላይ 66 የነርቭ ጉዳቶችን መዝግቧል፤ ይህም ከ6,300 አንድ ገደማ ማለት ነው። አብዛኞቹ ሙሉ በሙሉ ድነዋል፤ በጥቂቶቹ ላይ ግን መደንዘዙ ቀርቷል። ጉዳቱ ብርቅ ቢሆንም ደም መቅዳት በየዕለቱ የሚፈጸም ተግባር በመሆኑ ቸል የሚባል አይደለም።

በመሆኑም ታካሚው እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ስሜት ወደ ጣቶቹ ሲወርድ ከተሰማው መርፌውን ወዲያውኑ ማውጣት፣ በዚያው ስፍራ ደግሞ አለመውጋት፣ የሆነውንም መመዝገብ ይገባል። መደንዘዙ ወይም ድካሙ ከቀጠለ የነርቭ ምርመራ ያስፈልጋል። የንጉሡ ጩኸት ወዲያው ተሰምቷል፤ ተራው ታካሚም «እጄ ደነዘዘ» ሲል ሊደመጥ ይገባዋል።