ማሰሪያና አንደበት፦ ሴቶችና እርቅ በዋግ ታሪክና ሥነ ቃል

1. መነሻ

ስለ ኢትዮጵያ ጦርነትና ሰላም በተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ ሴቶች በአብዛኛው የሚገኙት በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የጦር ሜዳ ነው። ስንቅ አዘጋጅተው፣ ቁስለኛ አንሥተው፣ አንዳንዴም ጦር መርተው ይታያሉ። ሁለተኛው ጋብቻ ነው። የተጣሉ ወይም እንዳይጣሉ የሚፈለጉ ሁለት ቤቶች ልጅ ሰጥተው ልጅ ሲቀበሉ፣ ሴቲቱ የስምምነቱ ማሰሪያ ሆና ስሟ ይነሣል። ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ ሦስተኛ ቦታ አለ፤ እርሱም የንግግር ቦታ ነው። ስለ ጠቡ የሚናገረው፣ ስለ ካሣው የሚከራከረው፣ «ይብቃ» የሚለው ማን ነው?

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ጥያቄ ከዋግ ታሪክና ከአካባቢው ሥነ ቃል አንጻር መመርመር ነው። ጸሐፊው የሥነ ጽሑፍ መምህር እንጂ የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪ አይደለሁም። ይሁንና ሴቶች በአገር ሰላምና ጸጥታ ጉዳይ ይሳተፉ ሲባል የሚነሣው ጉዳይ በመጨረሻ የአንደበት ጉዳይ ስለሆነ፣ የእኛም የሙያ ዘርፍ የሚለው ነገር ይኖረዋል ብዬ አምናለሁ።

ዋግን የመረጥሁበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ሸለቆ በሚወርደው ቆላ የምትገኘው አበርገሌ፣ ኽምጣንጋ፣ አማርኛና ትግርኛ የሚደመጡባት አገር ናት። አበርገሌ የሚለው ስም በአሁኑ የአስተዳደር ካርታ በሁለት ክልሎች ይገኛል። አንዱ በአማራ ክልል በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ሥር ያለው ወረዳ ሲሆን፣ ሌላው በትግራይ ክልል ጣንቋ አበርገሌ በሚል ስም የታወቀው ነው። ድንበር አንድን ስም ለሁለት በከፈለበት በዚህ ስፍራ፣ ሰላም በሩቅ ከተማ የሚፈረም ሰነድ ብቻ ሊሆን አይችልም። የፍየል መንጋ፣ የገበያ መንገድ፣ የጋብቻ ዝምድና ጉዳይም ነው።

2. ጋብቻ እንደ ውል

ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ ለዙፋኑ ከቀረቡት መኳንንት መካከል አንዱ የዋግ ገዥ ዋግሹም ጎበዜ ነበሩ። አባታቸው ዋግሹም ገብረ መድኅን በቴዎድሮስ እጅ የተገደሉ ስለሆነ፣ ጎበዜ ወደ ሥልጣን የመጡት የደም ቂም ተሸክመው ነው። በዚያው ዓመት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ሚስታቸው ወይዘሮ ድንቅነሽ ምርጫ ይባላሉ፤ የትግሬው ገዥ የደጃዝማች ካሣ ምርጫ እኅት ናቸው። እንግዲህ በዋግና በትግራይ መካከል አንዲት ሴት ነበረች ማለት ነው። ባሏ ንጉሠ ነገሥት፣ ወንድሟ የባሏ ተቀናቃኝ።

ይህ ዝምድና ጦርነቱን አላስቀረም። ተክለ ጊዮርጊስ ብዙ ሠራዊት ይዘው ወደ ትግራይ ዘመቱ። ካሣ በቁጥር ቢያንሱም ከእንግሊዙ ጄኔራል ከናፒየር ያገኙት መድፍና ጠመንጃ ነበራቸው። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ አሰም በተባለው ቦታ ተዋጉ፤ ተክለ ጊዮርጊስ ተሸንፈው ተማረኩ፤ ዓይናቸው ጠፍቶ በእስር ሞቱ። ካሣም በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ።

በተለመደው አተራረክ ይህ ታሪክ የሁለት ወንዶች ፉክክርና የመሣሪያ ብልጫ ታሪክ ነው። የድንቅነሽ ስም የሚነሣው «የእገሌ ሚስት፣ የእገሌ እኅት» በሚል ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት ግን የታሪኩ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ጋብቻው እንደ ውል ተቆጥሮ ነበር። ነገር ግን ውሉን የተሸከመችው ሴት ውሉ ሲፈርስ የምትናገርበት ወንበር አልነበራትም። ማሰሪያ ነበረች፤ ማሰሪያ ደግሞ አይናገርም፤ ገመዱ ሲወጠር ይበጠሳል እንጂ። ወንድሟ ቢያሸንፍ ባሏን ታጣለች፤ ባሏ ቢያሸንፍ ወንድሟን ታጣለች። ከሁለቱም ወገን ይልቅ በሰላሙ የምትጠቀመው እርሷ ሆና ሳለ ስለ ሰላሙ የምትጠየቀው የመጨረሻዋ እርሷ ናት።

ከዚህ ጋር እቴጌ ጣይቱ ብጡልን ማነጻጸር ይጠቅማል። በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አሥራ ሰባተኛ አንቀጽ ጭቅጭቅ ባስነሣ ጊዜ፣ ጣይቱ ከጣሊያኑ መልክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር ፊት ለፊት ተከራክረዋል። የአንቀጹን ትርጉም አንቀበልም ካሉት መካከል ጽኑዋ እርሳቸው ነበሩ። በመቀሌው ከበባም በ1888 ዓ.ም. ምሽጉ ውኃ እንዲያጣ የተደረገው በእርሳቸው ምክር እንደሆነ ይታወቃል። የዋጉ ዋግሹም ጓንጉልም ከነሠራዊታቸው የዘመቱት በዚሁ ጦርነት ነው። በድንቅነሽና በጣይቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንደበት ልዩነት ነው። ይሁን እንጂ የጣይቱም ወንበር ከእቴጌነት የመጣ እንጂ ከሕግ ወይም ከልማድ የመጣ ስላልነበረ፣ ለሌሎች ሴቶች በውርስ አልተላለፈም።

3. ሙሾና ሻደይ

ታሪክ ጸሐፊው የሴትን ቃል ካልመዘገበ የት እናገኘዋለን? መልሱ ሥነ ቃል ነው። ከሥነ ቃል ዓይነቶች ሁለቱን ብቻ ላንሣ።

አንደኛው ሙሾ ነው። አልቃሽ ስታለቅስ የሟቹን ሥራ ትቆጥራለች፣ ዘመዱን ትጠራለች፣ ገዳዩን ታስታውሳለች። በዚህም ምክንያት ሙሾ ሁለት ስለት አለው። በአንድ በኩል ኀዘንን ለማኅበረሰቡ አካፍሎ ያቀልላል። በሌላ በኩል «ደሙ ፈሶ ቀረ ወይ?» የሚል ጥያቄ በወንዱ ጆሮ ውስጥ ይተክላል። የወንዱ ፉከራና ቀረርቶ ትርጉም የሚያገኘው ሴቲቱ ስትሰማው፣ ስታደንቀው ወይም ስትንቀው ነው። ስለዚህ «ሴት በተፈጥሮዋ ሰላማዊ ናት» የሚለው በየስብሰባው የሚደመጥ አነጋገር፣ ቢወደድም፣ ከሥነ ቃላችን ማስረጃ ጋር አይስማማም። የሴት ቃል ቂምን ማቀጣጠልም ማብረድም ይችላል። የእርቅ ጉባኤ ሴትን ማካተት ያለበት ደግ ስለሆነች ሳይሆን ኃይል ስላላት ነው። የሟች እናት ልቧ ካልታረቀ፣ ሽማግሌዎቹ በዛፍ ጥላ ሥር የቆረጡት ካሣ በሚቀጥለው ተዝካር ሊፈርስ ይችላል።

ሁለተኛው ሻደይ ነው። ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ፣ የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ፣ የዋግ ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ቄጤማ መሰል ተክል በወገባቸው ታጥቀው፣ ከበሮ ይዘው ይወጣሉ። ክዋኔው ከቤተ ክርስቲያን ይጀምርና ወደ የቤቱ ይዘልቃል። ይኸው በዓል በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። የስሙን ልዩነት ትተን ክዋኔውን ስንመለከት ሦስት ባሕርያት ጎልተው ይታያሉ። መጀመሪያ፣ በአደባባይ የሚከወን ነው። ሁለተኛ፣ በቡድን የሚባል ስለሆነ ቃሉ የአንዲት ልጅ ሳይሆን የሁሉም ነው፤ ተጠያቂነቱም ይከፋፈላል። ሦስተኛ፣ ለጋሱን ማወደስ፣ ንፉጉን መሸንቆጥ ይፈቀዳል። በሌላ ቀን ቢባል እንደ ነውር የሚቆጠር ቃል በእነዚያ ቀናት በፈገግታ ይሰማል።

በዚህ ነጥብ ላይ የሚቃወመኝ አንባቢ ሊኖር ይችላል፦ «እንግዲያው ባህሉ ለሴቶች አንደበት ሰጥቷል፤ ሌላ ምን ይፈለጋል?» መልሴ አጭር ነው። ሻደይ የሚሰጠው ፈቃድ ከበሮው ሲሰቀል አብሮ ይሰቀላል። ነሐሴ 16 በአደባባይ የዘፈነችው ልጅ፣ በመስከረም ስለ ግጦሽ ወይም ስለ ነፍስ ጠብ ሽማግሌ ሲቀመጥ ከጉባኤው ውጪ ቡና ታፈላለች። ከዚህም በላይ፣ የሻደይ አንደበት የልጃገረዶች ነው፤ ያገባችው፣ ልጅዋን የቀበረችው፣ ማሳዋን የተቀማችው ሴት የራሷ የአደባባይ ቀን የላትም። በኦሮሞ ባህል ሲንቄ የያዙ ያገቡ ሴቶች በሁለት ተፋላሚዎች መካከል ሲቆሙ ውጊያው ሊቆም እንደሚገባ የታወቀ ነው። እዚያ የሴቶቹ ሥልጣን በበዓል ቀን ሳይወሰን ጠቡ በተነሣ ቀን ይሠራል። ስለዚህ ልማድ ለሴት የእርቅ ሥልጣን ሊሰጥ እንደሚችል ከአገራችን ማስረጃ አለን።

4. ከሕግ ወደ አበርገሌ

በዘመናዊው መንግሥት ሴቶች ወደ ንግግሩ ወንበር የመጡት ዘግይተው ነው። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በር ከፍቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ። ስንዱ የእኛ ሙያ ሰው ነበሩ፤ ደራሲና መምህር። በጣሊያን ወረራ ጊዜም ወደ አዚናራ ደሴት ከተጋዙት አንዷ ናቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ደነገገ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 1325 ሴቶች በግጭት መከላከልና በሰላም ድርድር እንዲሳተፉ አሳሰበ። በ2011 ዓ.ም. ወይዘሮ አይሻ መሐመድ የመጀመሪያዋ ሴት የመከላከያ ሚኒስትር፣ ወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚል የአዲሱ ሰላም ሚኒስቴር ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ። እሳቱ ወደ ዋግም ዘለቀ፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ሰቆጣና አካባቢዋ ተጠለሉ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በ2014 ዓ.ም. በጋራ ያወጡት የትግራይ ምርመራ ዘገባ ተፋላሚ ወገኖች በሴቶች ላይ ጾታዊ ጥቃት መፈጸማቸውን አረጋግጧል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። በአፍሪካ ኅብረት ሸምጋዮች መካከል ደቡብ አፍሪካዊቷ ፉምዚሌ ምላምቦ ንጉካ ነበሩ። በሁለቱ ወገኖች ስም የፈረሙት ግን አቶ ሬድዋን ሁሴንና አቶ ጌታቸው ረዳ ናቸው። ከአሰም እስከ ፕሪቶሪያ ከ150 ዓመት በላይ አልፏል። ሴት በሸምጋይነት ገብታለች፤ በባለጉዳይነት ግን ፊርማዋ አልታየም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ሸምጋይ ያግባባል፣ የሚሰጠውንና የሚቀበለውን የሚወስነው ግን ባለጉዳዩ ነው።

በላይቤሪያ እ.ኤ.አ. በ2003 በሌይማ ቦዊ የተመሩ ሴቶች አክራ ላይ የድርድሩን አዳራሽ በር ዘግተው ተደራዳሪዎቹ ሳይስማሙ እንዳይወጡ አድርገዋል። እነዚያ ሴቶች ወንበር እስኪሰጣቸው አልጠበቁም። ሆኖም በር መዝጋት የግድ የሆነባቸው ወንበር ስላልነበራቸው መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

5. መደገፍ ማለት ምን ማለት ነው?

«የሴቶችን ተሳትፎ መደገፍ» የሚለው ሐረግ በተደጋጋሚ ስለሚባል ተልሷል። በአበርገሌ ዐውድ ሲተረጎም ግን የሚጨበጥ ነገር ይሆናል። ጉባኤው የሚጠራበት ሰዓት ውኃ የሚቀዳበትና እህል የሚፈጭበት ሰዓት ካልሆነ ተሳትፎ ይኖራል። በኽምጣንጋ የምታስብ ሴት በኽምጣንጋ ከተናገረችና ቃሏ በትክክል ከተተረጎመ ተሳትፎ ይኖራል። በአሥር ሽማግሌ መካከል አንዲት ሴት ብቻ ብትቀመጥ ዝም ትላለች፤ የሻደይ ክዋኔ እንደሚያስተምረን የሴት ቃል ድፍረት የሚያገኘው በጋራ ሲባል ስለሆነ ብዙ ሆነው መቀመጥ ይኖርባቸዋል። የሚነሣው ጉዳይም ድንበርና ትጥቅ ብቻ ሳይሆን የተደፈረችው ሴት ፍትሕ፣ የተዘጋው የገበያ መንገድ፣ ወደ ቀዬ መመለስ ሊሆን ይገባል። በመጨረሻም ቃሏ በቃለ ጉባኤው በስሟ ይመዝገብ። ድንቅነሽ ያጡት ይህንን ነው።

ከዚህ የሚከተለው የእኛ ክፍል ድርሻ ነው። ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ቃል ግጥም ሲሰበስቡ አብዛኛውን ጊዜ ስንኙን ቆጥረው፣ ዘይቤውን ለይተው ያቆማሉ። የጦርነቱ ዘመን ሙሾና የሻደይ ግጥም ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ፣ በኽምጣንጋም በአማርኛም በትግርኛም፣ ባለቤቶቹን አስፈቅዶ፣ ቀኑንና ቦታውን መዝግቦ ቢሰበሰብ፣ ለሥነ ጽሑፍ ጥናት ብቻ ሳይሆን ለእርቅም ሰነድ ይሆናል። ቂም የሚያድሰውን ቃል ከማሳተም መቆጠብም የሰብሳቢው ኃላፊነት ነው። አገራዊ የምክክር ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 ሲቋቋም ሕዝቡ እንዲደመጥ ታስቦ ነው። የሚደመጥ ሰው ግን አስቀድሞ ቃሉን የሚያውቅለት ጆሮ ያስፈልገዋል፤ የሥነ ቃል ተመራማሪ ሥራም ይኸው ነው።

ስለዚህ ወደ ዋግ ለጥናት የሚሄዱ ተማሪዎች አንድ ተጨማሪ ጥያቄ በማስታወሻቸው እንዲጽፉ አሳስባለሁ። ከበሮው ከተሰቀለ በኋላ፣ ሽማግሌ በተቀመጠበት ቀን፣ ከሴቶች ማን ተናገረች? ምን አለች? የተናገረችውስ በውሳኔው ውስጥ ገባ ወይስ ቀረ? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ የሚገኝበት እርቅ ማሰሪያው ከአንደበቱ ጋር የተገናኘበት እርቅ ነው፤ እንዲህ ያለው ውል ለመበጠስ ይከብዳል።