የናና ቅጠልና የዱቄቱ ዘመን

በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ብዙ ይጻፋል። እኔ ደግሞ በልማት ጣቢያ ሠራተኛነቴ ከማውቀው፣ ስለ ናናና ስለ ተባዩ ታሪክ ጥቂት ልበል። ጎንደር ፒያሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ሻዩን በናና የሚያዝ ሰው ቅጠሉ ላይ ምን እንደተረጨ አይጠይቅም። ድንች ይላጣል፣ ሽንኩርት ይላጣል፤ ናና ግን እንዳለ ብርጭቆ ውስጥ ይገባል።

የጓሮ ልማት በአካባቢያችን የቆየ ነው። ዓፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት አባታቸው ዓፄ ሱስንዮስ አዘዞ ላይ ገነተ ኢየሱስን ከነቤተ መንግሥቱና ከነውኃ ገንዳው አሠርተው ነበር። ገነት ማለት የአትክልት ቦታ ነው። እናቶቻችንም ተባይን ሲከላከሉ የኖሩት ከቤት በማይጠፋ ነገር ነው። ለቆራጭ ትልና ለቀንድ አውጣ በተክሉ ዙሪያ አመድ ይነሰነሳል። ናናው ከነጭ ሽንኩርትና ከጤና አዳም ጋር ተሰባጥሮ ይተከላል። በጎተራም ባቄላው ከጤፍ ጋር ይደባለቃል፤ ጤፉ ክፍተቱን ሁሉ ስለሚሞላው ነቀዙ መንቀሳቀሻ ያጣል።

ታዲያ ዱቄቱ ከየት መጣ? ከወባ ጋር ነው የመጣው። በ1945 ዓ.ም. ገደማ በደንቢያ የተነሣው ወረርሽኝ ሺዎችን ፈጀ፤ የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. እንዲከፈት ካደረጉት ምክንያቶችም አንዱ ይኸው ነበር። ከ1950 ዓ.ም. ክረምት እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በደጋውና በወይና ደጋው ክፍል በተነሣው ሌላ ወረርሽኝ ደግሞ በሀገር ደረጃ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። ስለዚህ ዲዲቲ በየቤቱ ግድግዳ ተረጨ። ሕይወት ያዳነ ሥራ በመሆኑ ማንም ሊያወግዘው አይገባም።

ችግሩ የመጣው ዱቄቱ ከግድግዳ ወደ ጓሮ ሲሻገር ነው። በሀገራችን አንዳንድ አካባቢዎች በጫትና በአትክልት ላይ ሲረጭ ቆይቷል። ክሽክሽን የምትበላው ባለ ነጥብ ቀይ ጥንዚዛ አብራ ታልቃለች፤ ክሽክሹ ግን ያለ ወንድ ጭምር ስለሚራባ በጥቂት ቀናት ውስጥ መልሶ ይወራል። አሜሪካኖችም ይህን ያወቁት ዘግይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 የብርቱካን ተባይ የምትበላ ጥንዚዛ ከአውስትራሊያ ወደ ካሊፎርኒያ አስመጥተው ድነው ነበር፤ በ1940ዎቹ ዲዲቲ ሲረጩ ጥንዚዛዋ አለቀችና ተባዩ ተመለሰ። እኛም ጋ በየመጋዘኑ ጊዜው ያለፈበት መርዝ ተከማችቶ፣ ከፊሉ እንዲቃጠል እስከ ፊንላንድ ድረስ በመርከብ ተጭኗል። ዛሬ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 አለ፤ በገበያ ቀን ስሙ ባልተጻፈበት ጠርሙስ የሚሸጠውን ግን ሁላችንም እናያለን።

የራሴንም ጥፋት ልናገር። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ ናናቸው በክሽክሽ ለተጠቀለለባቸው አንዲት እናት ማላታይን እንዲረጩ መከርኳቸው። ከረጩ በኋላ፣ "ልጄ፣ ታዲያ ቅዳሜ ለገበያ የማወጣውን ምን ላድርገው?" አሉኝ። ቀኑን ቆጠርኩ፤ አይደርስም። እሳቸው አንድም ቃል ሳይመልሱ መደቡን በሙሉ አጭደው ጉድጓድ ውስጥ ቀበሩት። የልጅ ልጃቸው የደብተር መግዣ ከዚያ ናና ነበር።

ከዚያ ወዲህ የምመክረው ሌላ ነው። አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርትና ሁለት ሦስት ቃሪያ ወቅጦ በአንድ ሊትር ውኃ ማሳደር፣ አጥልሎ ጥቂት ተራ ሳሙና ማሟሟት። ኦሞ አይሆንም፣ ቅጠል ያቃጥላል። የሚረጨው አመሻሽ ላይ፣ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ ነው፤ ክሽክሹ የሚደበቀው ከቅጠሉ ሥር ስለሆነም ጎንበስ ብሎ ከታች ወደ ላይ መርጨት ያሻል። በአራት በአምስት ቀን ይደገማል፣ ከሽያጭ በፊት ቅጠሉ ይታጠባል። የትምባሆ ውኃ የሚመክሩ አሉ፤ እኔ አልመክርም፣ ኒኮቲን ከቅጠል ቢወጣም መርዝ ነው። የከብት ሽንትም ለሚጠጣ ቅጠል አይሆንም። ኒም የቆላ ዛፍ በመሆኑ ለዳባትና ለደባርቅ ገበሬ በጓሮው አይገኝም።

ናናው ዋግ ከያዘው ግን ነጭ ሽንኩርቱም አያድነውም፤ የታመመውን ከሥሩ አጭዶ ማቃጠል ነው። እኒያ እናት ባለፈው ዓመት እንዲያ አደረጉ፤ ዝናቡ ሲገባ ከሥሩ አቆጠቆጠላቸው።