የጥንዶችና የቤተሰብ ቴራፒስት ትምህርት (ካሊፎርኒያ)

ጥንዶችንና ቤተሰብን በሥነ ልቦና ለማከም የሚያበቃ የድኅረ ምረቃ ሥልጠና። ካሊፎርኒያ የሙያ ፈቃዱን በሕግ የደነገገችው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። መነሻው ቢያንስ 60 የሴሚስተር ክሬዲት ያለው የማስተርስ ዲግሪ ሲሆን፣ ዶክትሬት ግዴታ አይደለም፤ ይበልጥ የሚፈለገው ለምርምርና ለማስተማር ነው።

ከባዱ ክፍል የተግባር ልምምዱ ነው፦ ቢያንስ በ104 ሳምንታት የሚጠናቀቅ 3,000 ሰዓት። ከዚህ ውስጥ 500ው ከጥንዶች፣ ከቤተሰቦች ወይም ከሕፃናት ጋር መሆን አለበት። ሠልጣኙ ባልና ሚስት ሲያነጋግር ተቆጣጣሪው በቪዲዮ ወይም በአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስታወት ሊከታተል ይችላል። ሠልጣኙ ሳያውቀው ለአንዱ ማድላቱ የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው። ፈቃዱ የሚሰጠው የሕግና የሥነ ምግባር፣ እንዲሁም የክሊኒካዊ ዕውቀት ፈተናዎችን ላለፈ ነው።