ፊደልና ቁልፍ፦ ከጽሕፈት መኪና እስከ ቁቤ በምዕራብ ሐረርጌ

ማንኛውም የጽሕፈት መሣሪያ ሁለት ዓይነት ተጠቃሚ አለው፤ ገና የሚለማመደውና በሥራው የተካነው። ሁለቱን አስማምቶ ማገልገል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የፊደላችን ታሪክ በሚገባ ያስረዳል።

ፊደላችን ከ230 የሚበልጡ ምልክቶች ሲኖሩት፣ የጽሕፈት መኪና ቁልፎች በላይና በታች ተቆጥረው እንኳ 100 አይሞሉም። ከጣሊያን ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ ያገኙት መፍትሔ የፊደሉን ግንድና ቅጥያ ለያይቶ ጸሐፊው ራሱ እንዲገጣጥማቸው ማድረግ ነበር። መኪናው ሠራ፤ ነገር ግን የፊደሉ መልክ ተጎዳ፣ የገጣጣሚነቱም ሸክም በጸሐፊው ጣት ላይ ወደቀ። ስለዚህ በጨርጨር አውራጃ መቀመጫ በአሰበ ተፈሪ፣ እንደ ሌሎቹ አውራጃዎች ሁሉ፣ ደብዳቤ መጻፍ ለሠለጠነ ታይፒስት የተተወ ሙያ ሆኖ ኖረ።

ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንደ ዶክተር አበራ ሞላና እንደ አቶ ፍሥሐ አጥላው ያሉ ባለሙያዎች ፊደሉን ወደ ኮምፒዩተር አስገቡት። ተነባቢውንና አናባቢውን በተከታታይ መጫን በተለመደ ጊዜ ገጣጣሚው መሣሪያው ራሱ ሆነ፤ ጀማሪውም እፎይ አለ። ሆኖም እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደሉን በራሱ ቁጥር ይመዘግብ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አልነበብ አለ። ይህን ችግር ከሥሩ የፈታው በ1999 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ሲሆን፣ ለ345 የኢትዮጵያ ፊደል ምልክቶች የጋራ ቁጥር ሰጣቸው።

በ1991 (እ.ኤ.አ.) ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ ማለትም በቁቤ፣ እንዲጻፍ ከተወሰነ ወዲህ በጭሮ፣ በገለምሶ፣ በሂርና፣ በበዴሳና በሚኤሶ ጽሕፈት ቤቶች ሌላ መልክ ታየ። ቁቤ ተጨማሪ ፕሮግራም አይሻም፤ ፊደሎቹ ሁሉ ቀድሞውኑ በቁልፎቹ ላይ አሉ። ጥንቃቄው ግን ወደ አጻጻፉ ዞረ፤ አናባቢው ሲረዝም በድርብ ይጻፋልና አንዲት ፊደል መጉደሏ ትርጉም ትለውጣለች። ያው ጸሐፊ አማርኛ ደብዳቤ ሲያጋጥመው ደግሞ ወደ ሌላው የአጫጫን ዘዴ ይሻገራል።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ቅለት የሚገኘው ሸክሙን ከሰው ወደ መሣሪያው በማዛወር እንጂ ከፊደሉ ላይ በመቀነስ አለመሆኑን ነው። ጀማሪው «ሰ»ን በአንድ ቁልፍ ያግኝ፤ መልካም ነው። በግእዝ ግን «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ሲሆን «ሠረቀ» የፀሐይ መውጣት ነው። «ሠ»ን ለጀማሪው ሲባል ከመንገድ ገለል ማድረግ ይቻላል፤ ማጥፋት ግን የተካነውን ሰው መሣሪያውን መንጠቅ ነው። ፕሮግራም የሚያዘጋጁ ባልደረቦቻችን ይህን ልዩነት እንዲያስቡበት ያስፈልጋል።