ካናቢኖይድ ተቀባይ

ስሙን ያገኘው ከካናቢስ ተክል ነው። ነገር ግን ሐሺሽ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰውም አንጎሉ ውስጥ ሞልቶታል። «ተቀባይ» ሲባል በህዋስ ገጽ ላይ ተሰክቶ ኬሚካዊ መልእክት የሚጠባበቅ ፕሮቲን ማለት ነው፤ እንግዳ ተቀባይ ደጃፍ ላይ እንደሚቆም።

ዋነኛው ሲቢ1 ይባላል፤ የጂኑ ቅንብር በ1990 እ.ኤ.አ. ታወቀ። ሰውነት ራሱ የሚሠራለት መልእክተኛ ግን የተገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኢየሩሳሌም ውስጥ በእነራፋኤል ሜሹላም ቤተ ሙከራ ነው። ከአሳማ አንጎል አውጥተው አናንዳማይድ አሉት፤ «አናንዳ» በሳንስክሪት ፍሥሓ ነው። መልእክቱ ሲደርስ ሆድ ምግብ ያምረዋል፤ ሰውነትም ስብ ወደ ማከማቸት ያዘነብላል።

የሲቢ1 ጂን በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። ከሰው ሰው በአንዳንድ ፊደላቱ ይለያያል፤ እነዚህን ልዩነቶች ከወገብ ስፋትና ከክብደት ጋር ያያያዙ ጥናቶች አሉ፤ ምንም ዝምድና ያላዩም አሉ። ስለዚህ «የውፍረት ጂን ተገኘ» የሚል አርእስት ሳነብ ገጹን እገልጣለሁ። አናንዳማይድን የሚያፈርሰው ኤንዛይም ጂንም እንዲሁ ይለያያል፤ ኤንዛይሙ ሲደክም መልእክተኛው ቶሎ አይፈርስም።

ተቀባዩ በክብደት ላይ እጁ እንዳለበት በግልጽ ያሳየው መድኃኒት ነው። ሲቢ1ን የሚዘጋው ሪሞናባንት በ2006 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ተፈቀደ፤ ክብደት ቀነሰ። በአንዳንድ ተጠቃሚዎቹ ላይ ግን ድባቴና ራስን የማጥፋት ሐሳብ ስላስከተለ በ2008 እ.ኤ.አ. ከገበያ ወጣ።